በጋትሉዋክ መቃብር ላይ የተባለው

ኛቾል አስተርጓሚነቷን የተወችው በአንድ ሕፃን መቃብር አፋፍ ላይ፣ ገና በጀመረችው ዓረፍተ ነገር መካከል ነው።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል አሥራ ሁለት ትባል የነበረበት ነው። መቱ ድረስ ተሂዶ ደጅ ይጠናበት የነበረው ጉዳይ ሁሉ እዚያው ባሮ ዳር ይታይ ጀምሯል፤ የየቢሮው ስም ወንበርና ጠረጴዛው ከመምጣቱ በፊት በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ይሰቀላል። ኛቾል መቱ የተማረች የኑዌር ልጅ ስለሆነች በአዲሱ ትምህርት ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጥራለች። እሁድ እሁድ ደግሞ በሰፈሯ ባለችው የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን የአማርኛውን ስብከት ወደ ኑዌርኛ ትመልሳለች። ሰባኪው ሲቆጣ ትቆጣለች፣ ሲለማመጥ ትለማመጣለች። «ኛቾል ስትተረጉም እግዚአብሔር ራሱ ናስር የተወለደ ይመስላል» ይሉ ነበር ከድንበር ማዶ፣ ከዚያችው ከናስር ከተማ የመጡት አሮጊቶች።

ሰባኪው ወንጌላዊ ባንተአምላክ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አቦቦ አካባቢ የሰፈረ ገበሬ ነው። እዚያው ወንጌል ተቀበለ፤ ደርግ ሲወድቅና ማምለክ ሲፈቀድ ሞፈሩን ለጎረቤት ሰጥቶ ከተማ ገባ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። የታመመ ይጠይቃል፤ የተጣላ ያስታርቃል። ኛቾልም ታከብረው ነበር።

የሞተው የማይክል ልጅ ነው። ማይክል የግብርና ቢሮ ሾፌር ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ኛሩአች ናስር ሳለች ጦርነት ለያያቸው፤ በሕይወት መኖሯን ቢሰማም ሊያመጣት አልቻለም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከባሮ ቁልቁል ያለችው የማታር ከተማ ልጅ የሆነችውን ኛዴንግን አገባ፤ ጋትሉዋክ የሚባል ወንድ ልጅና አንዲት ጡት የምትጠባ ሴት ልጅ ወለዱ። ቤተ ክርስቲያኗ ይህን ጋብቻ አልተቀበለችውም። ማይክልን «ሁለተኛዪቱን እስክትተው» ብላ ከጌታ እራት አግዳው ነበር። በዚያ ክረምት ወባ ገባና ጋትሉዋክን ወሰደው። ገና መሮጥ መጀመሩ ነበር።

በቀበሩት ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መሬቱ ግን አላባራም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ከታች ውኃ እየመነጨ ሞላው። ሁለት ሰዎች ውስጡ ቆመው በተቆረጠ ጄሪካን ጭቃውን ውኃ እየቀዱ ያፈሳሉ፤ የፈሰሰው ተመልሶ ይገባል። ሕፃኑ በአንሶላ ተጠቅልሎ ማይክል ክንድ ላይ ነው። ኛዴንግ ጭቃው ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሶ፣ አንድ እጇ የኛቾልን ጉርድ ጫፍ ጨብጧል።

ባንተአምላክ ዓይኑን ጨፈነ።

«ንጉሥ ዳዊት የሰው ሚስት ወሰደ» አለ።

ኛቾል ወደ ኑዌርኛ መለሰችው።

«ባሏንም ጦር ሜዳ ልኮ አስገደለ።»

ይህንንም መለሰች።

«እግዚአብሔርም ተቆጣ።»

መለሰች። ወደ ምሕረቱ ሊያመራ ነው ብላ ነበር፤ የለቅሶ ስብከቱ መጨረሻው ሁልጊዜ ምሕረት ነው።

«ዳዊትን ግን አልገደለውም። ከዚያች ሴት የተወለደለትን ሕፃን ቀሠፈው። ሕፃኑም ታሞ ሞተ።»

ኛቾል አፏን ከፈተች። ቃሉን በኑዌርኛ አግኝታዋለች፤ ምላሷ ላይ ነው። የሚቀረው መናገር ብቻ ነበር። ያኔ አንዳች ነገር፣ ከጉርሻ ጋር አፍ ውስጥ እንደገባ ዝንብ፣ ጉሮሮዋ ላይ ተላወሰ። አፏን ዘጋች።

ባንተአምላክ ያልሰማችው መስሎት ደገመው። «ሕፃኑን ቀሠፈው፣ እኅት ኛቾል።»

«ይህን አልተረጉምም» አለች በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አማርኛ የሚያውቁት አቀርቅረው መሬት መሬቱን አዩ። የማያውቁት እርስ በርስ ተያዩ። ኛዴንግ ጉርዷን ሳብ አደረገቻት።

«ምን አለ?»

«ጸሎት ይደረግ አለ» አለቻት ኛቾል።

ጸሎት ተደረገ። ውኃው ውስጥ አስቀመጡት፤ አፈሩን መለሱበት። ማይክል ግን አማርኛውን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። አንድም ቃል አላመለጠው።

ከቀብር መልስ ኛቾልና ባንተአምላክ ቤተ ክርስቲያኗ ግቢ፣ ኒም ዛፉ ሥር ተገናኙ። ሁለቱም እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። እሱ አልጮኸባትም።

«ልጄ፣ አስተርጓሚ ቧንቧ ነው» አላት። «ቧንቧ ውኃ አይመርጥም።»

«ቧንቧም እኮ ፍሳሽ ሲለቁበት ይገማል፣ ወንጌላዊ።»

«የእግዚአብሔርን ቃል ነው ፍሳሽ ያልሽው?»

«እዚያች እናት ላይ የደፉባትን ነው።»

«እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል።»

«መጻፉን አውቃለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ ዓይኔ አይቶት አለፈ። ዛሬ በአፌ ሊያልፍ ሲል ነው ምን ምን እንደሚል የቀመስኩት። አባትየው በደለ፣ ሕፃኑ ሞተ። አባትየው ተነሣ፣ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ እንጀራ ቀርቦለት በላ። አንድ ሰው ይህን አደረገ ቢሉኝ ሰላምታውን እጸየፈው ነበር። እግዚአብሔር ሲሆን አሜን ልበል?»

«ሕይወቱን የሰጠ እሱ ነው። የሰጠውን ቢወስድ ማን ይከሰዋል? ሸክላ ሠሪውን፣ ሸክላው ለምን ሰበርከኝ ይለዋል?»

«ሸክላ ጡት አይጠባም።»

ባንተአምላክ ረጋ ባለ ድምፅ፣ እንደሚመክራት ሆኖ፣ «ለማይክል ብዬ ነው» አለ። «ሴቲቱን ቢተዋት ይሻለዋል። ሁለተኛዪቱ ልጅ ሳትወሰድ።»

ይህን በክፋት ቢናገረው ለኛቾል ይቀላት ነበር። እሱ ግን በፍቅር ነው የተናገረው፤ የሚቀፋትም ይህ ነው። ደህና ዋሉ እንኳ ሳትለው ወጣች። ቤቷ ገብታ እግሯን ታጠበች፤ አፏን ተጉመጠመጠች። ምግብ ቀርቦላት ሳትነካው መለሰችው።

በሳምንቱ ገደማ፣ ማይክል ሚስቱን ወደ ማታር ሊሰዳት ነው የሚል ወሬ ቢሮ ሰማች። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ቤቱ ሄደች። ደጅ ቆሞ የመኪናውን ምንጣፍ ያራግፋል። ገና ሰላም ሳትለው፦

«አንቺ አልተረጎምሽላትም፤ እኔ ተረጎምኩላት» አላት በኑዌርኛ።

«ምን ብለህ?»

«ልጃችን የሞተው በእኔና በአንቺ ነው ብዬ። ትናንት ልጅቷም ትኩሳት ይዟት ነበር። አሁን በርዶላታል። ግን ገባኝ። ኛዴንግን ካልለቀቅሁ እሷንም ይወስዳታል።»

«ማን ነው የሚወስዳት?»

ማይክል ወደ ላይ አየ፤ ስሙን አልጠራም።

«ስለ ማን እየተናገርክ እንደሆነ ሰማኸው?» አለችው። «ሕፃን ጠልፎ ማስለቀቂያ እንደሚጠይቅ ሽፍታ እኮ አደረግኸው። ደጅህ ላይ እንደሚያደባ ጅብ።»

«ወንጌላዊው ነው ያለው። መጽሐፉ ነው ያለው። አንቺ ከመጽሐፉ ትበልጫለሽ?»

በዚህ መካከል ኛዴንግ ልጇን አቅፋ ከጎጆው ወጣች። ዓይኗ ደርቋል። ኛቾል ልታቅፋት ጠጋ ስትል በክንዷ አገደቻት።

«አንቺ ዋሸሽኝ» አለቻት። «ምን አለ ብዬ ጠየቅሁሽ፤ ጸሎት አልሽኝ።»

«እንዳይጎዳሽ ብዬ ነው።»

«አልጎዳኝም ይመስልሻል? ያንን ነገር ከባሌ አፍ፣ እዚህ ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ብቻዬን ሰማሁት። እዚያ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ ብሰማው መልስ ነበረኝ። ልጄ ገና አፈር ሳይለብስ መልስ እሰጠው ነበር። መልሴን ነው የቀማሽኝ።»

ለኛቾል በሰባኪው መንገሽገሿ ትክክል መስሎ ነበር የተሰማት፤ ትክክልም ነበር። ግን የገዛ ዝምታዋም ሌላ ሰው ላይ እንደወደቀ አሁን አየች።

«ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁኝ ጠርተውኛል» አለች በመጨረሻ። «ነይ። የምትዪውን በሙሉ፣ አንዲት ቃል ሳልደብቅ ወደ አማርኛ እመልስልሻለሁ።»

ኛዴንግ ፊቷን አዙራ ወደ ጎጆው ገባች። ቅዳሜ ግን መጣች።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ከፊት ባሉት አግዳሚዎች ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ፀሐይ ስቦ ቤቱ ይጋገራል። ሰብሳቢው ኦጅዋክ የሚባሉ አኙዋክ ሽማግሌ ናቸው። በእሳቸው አማርኛ ወንድም ሴትም፣ ትልቅም ትንሽም «አንተ» ነው፤ ማንም አይቀየማቸውም።

«ኛቾል፣ አንተ ጥሩ ልጅ» አሉ። «ግን ዛሬ አንተ ይህን ቃል ተወ። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ቃል ተወ። ከነገ ወዲያ ሌላው። መጽሐፉ ምን ቀረ?»

ኛቾል አሰበች። ጥያቄው ቀላል አይደለም። «አላውቅም፣ አባቴ» አለች። «ምን እንደሚቀር አላውቅም። ያኛው ግን በዚያ ቦታ፣ ለዚያች ሴት፣ ከእኔ አፍ አይወጣም ነበር። ኛዴንግ የምትለው አለ፤ እሷን ስሟት።»

ኛዴንግ ቆመች። ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። የተናገረችው ለሽማግሌዎቹ አልነበረም፤ ፊቷን ወደ ባንተአምላክ አዞረች። ኛቾል ከጎኗ ሆና እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ያ የሞተው ሕፃን ስሙ ማን ነበር?»

ባንተአምላክ ዓይኑን ገለጠ። «አልተጻፈም።»

«ታሞ በተኛበት ሰሞን አባቱ ምን አደረገ?»

«ጾመ። መሬት ላይ ተኛ። ለመነ።»

«እናቱስ?»

«አልተጻፈም።»

«ሴቲቱን የወሰደው ንጉሡ ነው። እምቢ ማለት ትችል ነበር?»

ባንተአምላክ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

«እሺ» አለች ኛዴንግ። «እኔ መጽሐፍ አላነብም። አያቶቼ ያሉትን ግን አውቃለሁ። እነሱ ሲጣሉ ይገዳደሉ ነበር፤ ደም ይመላለሱ ነበር። ሕፃን ግን አይነኩም። ሰውየው ከበደለህ ሰውየውን ፈልገው። ጎጆው ገብተህ ያላወቀ ልጁን ከገደልክ ያስቀየምከው እሱን አይደለም፤ የፈጠረውን እግዚአብሔርን ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ይርቁታል፤ ከብታቸውን ከከብቱ ጋር አያውሉም፤ ልጃቸውን አይድሩለትም። ይጸየፉታል። አሁን አንተ፣ ያንን ያደረገው እግዚአብሔር ራሱ ነው ትለኛለህ። ታዲያ ያስቀየመው ማንን ነው?»

ኛቾል ይህን ስትተረጉም አንዲት ቃል አላስቀረችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይህ ድፍረት ነው!» ብሎ ሊነሣ ሲል ኦጅዋክ በእጃቸው አስቀመጡት። ማይክል በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደመጣ ማንም አላየውም።

ባንተአምላክ ተናገረ። እንደ ስብከቱ አልነበረም፤ የሰፈራው ገበሬ ድምፅ ነበር።

«እኔ እዚህ ስመጣ ልጆች ነበሩኝ» አለ። «በመጀመሪያው ክረምት አለቁ። አንዱን ቀብሬ ስመለስ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ቆላውን አናውቀውም፤ ወባውን አናውቀውም። ሰዉ ሁሉ ያልቅ ነበርና የሚያለቅስልኝ እንኳ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ምን እንደበደልኩ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን፣ በሰንበት ማረሴ ነው እላለሁ። አንድ ቀን፣ አባቴ ለአድባር ሲያርድ ቢላዋ ማቀበሌ ነው እላለሁ። እስካሁን አላገኘሁትም። ግን አንድ ነገር መኖር አለበት። ያለ ነገር ከሞቱማ… ያለ ነገር እንዴት ይሞታሉ?»

ኛቾል አዘነችለት፤ በጣም አዘነችለት። ሐዘኗ ግን መንገሽገሿን አላጠፋላትም፤ ይልቁንም ጨመረው። ይህ ደህና ሰው የገዛ ነፍሱን ቅማል እንዳለበት ልብስ እየቀመለ ለዓመታት ኖሯል። የሚፈልገውን ኃጢአት ራሱ ውስጥ ሳያገኘው ሲቀር ደግሞ፣ ሰው ጎጆ ገብቶ ለሌላ አባት ሰጠው።

«አባቴ» አለችው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። «እርስዎ ምንም አላደረጉም። ወባ ነው።»

«ወባውን የላከው ማነው?»

«አላውቅም። ልጆችዎን ለመግደል ብሎ የላከ ካለ ግን፣ እኔ እሱን አላመልክም። እርስዎም ባያመልኩት ደስ ይለኛል።»

ባንተአምላክ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኛዴንግ የተባለውን ጠየቀች፤ ኛቾል በሙሉ ነገረቻት። ኛዴንግ ሰውየውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «ይልቀስ» አለች። «ልጆቹን ገና አላለቀሰላቸውም።» ከዚያ ልጇን አስተካክላ አቅፋ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ዋሉ። በመጨረሻ ኦጅዋክ ውሳኔውን ተናገሩ፤ ደስ እያላቸው አልነበረም። ኛቾል በመጪው እሁድ ጉባኤው ፊት ይቅርታ ትጠይቅ፤ ከእንግዲህም የተባለውን ሁሉ እንደተባለ ትተርጉም። ካልሆነ ከማስተርጎሙ ትነሣ።

«እነሣለሁ» አለች።

«አንተ አስብ።»

«አስቤያለሁ፣ አባቴ።»

ኛዴንግ በዚያው ሰሞን ወደ ማታር ሄደች። ባሏ ሰድዷት ግን አልነበረም። ባሮ ሞልቶ ጀልባ በሚወርድበት ጊዜ ዕቃዋን ራሷ ተሸክማ ወንዙ ዳር መጣች። ማይክል ተከትሏት ነበር። «ቅሪ፣ የዚያን ዕለት ፈርቼ ነው» ይላታል። ኛቾል ልትሸኛት መጥታ አጠገባቸው ቆማለች።

«መፍራትህን አውቃለሁ» አለችው ኛዴንግ። «እኔም ፈርቻለሁ። አንተ ግን ልጃችንን ገደለው ካልከው ጋር ልትታረቅ፣ እኔን መታረቂያ አደረግኸኝ። ከዚያ በኋላ አጠገብህ ስተኛ ገላዬ ይቀፈኛል። የገዛ ገላዬ፣ ለራሴ። ይህ እስኪለቀኝ እናቴ ቤት እሆናለሁ።»

ለኛቾል እጇን ሰጠቻት። ይቅር ብያለሁም አላለች፤ ቂም ይዣለሁም አላለች። ጀልባዋ የደፈረሰውን ውኃ እየሰነጠቀች ወረደች።

ክረምቱ ሲወጣ ማይክል ፈቃድ ጠይቆ ማታር ሄደ። በመጀመሪያው ጉዞ ብቻውን ተመለሰ። በሚቀጥለው ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጣ። ምን ተባብለው እንደታረቁ ኛቾል አልጠየቀችም። ማይክል ግን ከዚያ ወዲያ የጌታ እራት አልጠየቀም፤ እሁድ እሁድ ከልጁ ጋር ባሮ ዳር ሲቀመጥ ይታያል።

ባንተአምላክ መስበኩን አልተወም። የዳዊትን ልጅ ታሪክ ግን ለቅሶ ላይ ደግሞ ሲያነሣው የሰማ የለም። ኛቾልን መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ያወልቅላታል፤ እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣዋለች። ቆመው ግን አያወሩም።

እሷ ቤቷ መጸለይ አላቆመችም። መጽሐፉንም ታነባለች፤ አሁን ዘልላ አታልፍም፤ የሚያስጠላት ቦታ ስትደርስ ጣቷን አኑራበት ዝም ብላ ትቀመጣለች። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የምትሄደው ዘመድ ሲያገባ ወይም ሰው ሲሞት ነው።

እንዲህ ባለ አንድ ቀን፣ ለጎረቤት ሠርግ ሄዳ ከኋላ ተቀምጣ ሳለ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ስለ ግብፅ በኩሮች አነሣ። የፈርዖን ልብ ስለደነደነ፣ ወህኒ ቤት ያለው የእስረኛ በኩር ሳይቀር ሞተ አለ። አዲሱ አስተርጓሚ ጎበዝ ነው፤ ቃሉ ከሰባኪው አፍ ሳይወጣ በኑዌርኛ ያደርሰዋል። ጉባኤው «አሜን» አለ። ከፊት ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው «አሜን» አሉ።

ኛቾል ተነሥታ ወጣች። አጥሩ ጋ እንደደረሰች ጎንበስ አለች፤ የበላችው ሁሉ ወጣ። ውኃ ይዛ የምታልፍ አንዲት ሴት ቆም ብላ፣ «አይዞሽ እኅቴ፣ ወባ ነው?» አለቻት።

«አይደለም» አለች ኛቾል፣ አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ። ሴትዮዋ በኩባያ የሰጠቻትን ውኃ ተጉመጠመጠችበት፤ አመሰገነቻትና ወደ ሠርጉ ሳትመለስ ቤቷ ሄደች።